ፕሪጅነር

ከፖስታ ቤት ከፍ ብሎ፣ ቸርችል ዳገት ወገቡ ላይ፣
ጎማ ተንፍሶብኝ ቆምኩ፣ ካፊያ ሲወርድ ከሰማይ።
ሃያ አንድ ቁልፍ ሰክቼ፣ በተረከዜ ገፋሁት፤
አንዱን ፈታሁት፤
ሁለተኛውን ፈታሁት፤
ሦስተኛው ጥቂት ተንጫጫ፣ በስተኋላ ግን ተረታ፤
አራተኛው...
አልጮኸም፣ አልታገለኝም። እጄ ላይ ቀለለ ላፍታ፣
ዳዶው ከነአንገቱ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተንገላታ።

"ሲከር ይበጠሳል" ሲሉ ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤
ሲበጠስ ዝም እንደሚል ግን ዛሬ ገና አየሁ።

ስኮርታውን በሦስት አስሬ፣ ፍላሸሬን እያጣቀስኩ፣
የኋላዬን ጡሩምባ ሁሉ አንገት ደፍቼ እየዋጥኩ፣
ተክለ ሃይማኖት ጀርባ፣ ጋሽ ሸዋቀና በር ደረስኩ።

ግቢው ዘይት የጠጣ መሬት፣ ግድግዳው የታርጋ ጥርቅም፤
ሞተር የወጣለት ቮልስ ውስጥ ድመት ወልዳለች፣ ማንም ምንም አይላትም።
መነጽሩን በላስቲክ አስሮ ከጎማው ሥር ሲቀመጥ፣
ስብራቱን በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣ ቀና ሳይል፣ በማሽሟጠጥ፦
"ማነው ያጠበቀው?" አለኝ። "ሰው ነው? ወይስ የጥማድ በሬ?"
"ጎሚስታው" አልኩት።
ዋሸሁት፣ ፊቴን አዙሬ።

ታምቡሮውን ዙሪያውን አንኳኳው፣
እንደ ባለዕዳ ደጃፍ፣ በትዕግሥት፣ እስኪከፈት፤
ሲከፈት የፍሬን ብናኝ ፊታችን ላይ ተነፋ፣ ጥቁር ዱቄት።
ስባሪውን ከፊት መታው። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስት
ወደ ኋላ ሾለከና ቂው አለ፣ ጣሳው ውስጥ ሲወድቅበት።

"ይዘኸው ሩጥ፣ ሙዘይን፤ ነስረዲን ጋ፣ ሶማሌ ተራ።
በአፍህ አታስረዳ፣ አሳየው፤ ብረት ከብረት ያውራ።"

ልጁ ሳይመለስ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ሥር ተጠጋን።
"ፕሪጅነር" አለኝ፣ እጁን በናፍጣ እያጠበ፣ "'እስረኛ' ማለት ነው በጣሊያን።
አባቴ እነሱ ጋራዥ ሲላላክ ነው የሰማው።
እስረኛ! ወጥቶ የማይሄድ፣ ከሞዞው ተጣብቆ የሚኖር፤
ግን እሱ ባይታሰር፣ ጎማህ በምን አባቱ ይታሰር?"

ዝም አልኩ።
ያለፈው ቅዳሜ ማታ ነበር።
ልጄ ምንተስኖት መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ፣
ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ "ነገ እኔ ነኝ የምነዳው" ብሎ፣
እራቱን ሳይጨርስ ሲተኛ፣
እኔ በስልኬ መብራት፣ በፒጃማ፣ የሌሊት ሠራተኛ፣
አሥራ ስድስቱንም ዳዶ፣ ባለ በሌለ አቅሜ፣
ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥዬ፣ ላዩ ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ፣
አጠበቅኳቸው። እስኪያቃስቱ።
ብረቱ ሲያቃስት፣ "እሺ" ያለኝ መሰለኝ።

ሙዘይን ረጥቦ ደረሰ፤ አዲሱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ።
ጋሽ ሸዋቀና ከኋላ አስገባው፣ ጥርሱን ከጥርሱ አስተካክሎ፤
ሦስት ሮንዴላ ደረደረ፣ ዳዶውን ገልብጦ ጀመረ፤
ሩብ ዙር። እረፍት። ሩብ ዙር። ሳይቸኩል እያከረረ።
ልኩ ሲደርስ አቆመ፣ ማንም "በቃ" ሳይለው።
ከዚያ ቁልፉን ሰጠኝ። "በክንድህ ብቻ። ክብደትህን ቤት ተወው።
ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነድተህ መልሰህ ፈትሽ።" ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ፣
"ያ ጎሚስታ የነካቸውን በሙሉ አላላቸው፤ እንዳትረሳ።"

አሥር ሰዓት ላይ ምንተስኖት ነዳ። እኔ በቀኝ ተቀመጥኩ።
ፒያሳን ሲያዞር፣ የሌለ ፍሬን በእግሬ ስንቴ እንደረገጥኩ!
ሲያቆም፣ የፓርኪንጓ ልጅ ደረሰኝ ቆርጣ መጣች፤
ሳንቲም ስፈልግ ከኪሴ
ስባሪው እስረኛ ወጣ፣ ሞቅ ብሎ፣ እንደ ገላዬ።
ልጅቷ ሳቀች።
እኔ መልሼ ከተትኩት።